አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) የኦሎምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሯጭ ነበር። ከመኪና አደጋ በኋላ እግሮቹ ባይታዘዙለትም ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ውድድር አሸንፏል፤ ይህኛው ድሉ ግን ብዙም አይነሳም።

የተወለደው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ በተባለ መንደር ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጠ። ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ ለምዶታል። እስከ መጨረሻው አካባቢ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሄዶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከወሰዱት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። ሰዓቱ 2:15:16.2 የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2:12:11.2 ክብረ ወሰኑን አሻሽሎ አሸነፈ። በዚህ ውድድር ጫማ አድርጎ ነበር። ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ከውስጧ ተጣብቆ ቀረ። በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። መጀመሪያ እጆቹም አይንቀሳቀሱም ነበር፤ በኋላ የላይኛው የሰውነት ክፍሉ ተመለሰለት፣ እግሮቹ ግን አልዳኑም።

ሆኖም ውድድርን አልተወም። ሐምሌ 1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ለተመሳሳይ ጨዋታ በክብር እንግድነት ስትጠራው፣ ተቀምጦ ከማየት ይልቅ እዚያም በሁለቱ ስፖርቶች ተወዳደረ። ከዚያም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ 16 ተወዳዳሪዎች ከተሰለፉበት መካከል በ1:16:17 አንደኛ ወጣ። የበረዶ ስፖርት ባልተለመደበት አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በዚያ ላይ በሩጫ ዘመኑ ፍጥነቱን የሚሰጡት እግሮቹ ነበሩ፤ አሁን ግን በእጁና በትከሻው ብቻ ሚዛኑን መጠበቅ ነበረበት።

በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሎምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር በእንግድነት ሲገኝ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። ከዓመት በኋላ፣ በ41 ዓመቱ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር አፄ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቷል።