ሕዝብ መርጦት ዋይት ሀውስ ያልገባው ጠበቃ

በአሜሪካ ኤሌክቶራል ኮሌጅ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ብዙዎች የሚጠቅሱት የ2000ውን አል ጎርን ወይም የ2016ቷን ሂላሪ ክሊንተንን ነው። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ሳሙኤል ቲልደን ነው። ከመራጩ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንትነቱን ያጣ እሱ ብቻ ነውና።

ቲልደን እ.ኤ.አ. በ1814 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጤና የራቀው፣ ትዳር ያልያዘ፣ ለባቡር ኩባንያዎች ጥብቅና ቆሞ የከበረ ሰው ነበር። ስሙን ያስጠራው የኒው ዮርክ ከተማን ካዝና ያራቆተውን የዊልያም ትዊድን ቡድን ማጋለጡ ነው። አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም፤ የባንክ መዝገብ አገላብጦ ገንዘቡ ማን ኪስ እንደገባ በቁጥር አሳየ። (እንዲህ ያለው ሥራ እኛን የሕግ ሰዎችን ደስ ይለናል፤ ሌላውን ያሰለቸዋል።) በ1874 አገረ ገዢ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1876 ደግሞ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኖ ከሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ ጋር ተፋጠጠ።

የሕዝቡ ድምፅ ሲቆጠር ቲልደን በሩብ ሚሊዮን ገደማ መራ። ይሁንና ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪል መራጮች ናቸው። ለማሸነፍ 185 ወኪሎች ያስፈልጉ ነበር፤ ቲልደን 184 ላይ ቆመ። ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያና እና ከሳውዝ ካሮላይና 19፣ ከኦሪገን 1፣ በድምሩ 20 ድምፆች አከራካሪ ሆኑ። ከእነዚህ አንዷ ትበቃው ነበር።

ከደጋፊዎቹ ጦር እንስበቅ የሚሉ ነበሩ። እሱ ግን ቤቱ ተቀምጦ የቀድሞ የኤሌክቶራል ቆጠራዎችን ታሪክ ያጠና ነበር። ኮንግረስ ሴናተሮች፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አምስት አምስት ሆነው የሚቀመጡበት ኮሚሽን አቋቋመ። ገለልተኛ ይሆናል የተባለው ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ለሴናተርነት በመመረጡ ቦታውን ሪፐብሊካኑ ጆሴፍ ብራድሊ ያዘ። ውሳኔው 8 ለ7 ሆነ፤ 20ውም ድምፅ ለሄይስ ሄደ።

ቲልደንን ተበዳይ ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች በዛቻና በግድያ ከምርጫ እንዲርቁ የተደረገው የእሱን ፓርቲ ለመጥቀም ነው። ብልጫው ንጹህ አልነበረም። የኤሌክቶራል ኮሌጅ ደጋፊዎች ይህን ይዘው ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ከዚያው ታሪክ ተቃራኒውን አነባለሁ። የወኪሎች ቁጥር የሚሰላው በነዋሪው ብዛት እንጂ በመረጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ግዛት ግማሽ ሕዝቡን ቢያግድም አንድ ወኪል አይጎድልበትም። 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለዚህ ቅጣት ቢደነግግም አንድም ቀን አልተተገበረም። በቀጥታ ምርጫ ግን የታገደ ሰው ድምፅ ከግዛቱ ሚዛን ላይ ይጎድላል። በ1877 ሄይስ የፌዴራል ወታደሮችን ከሳውዝ ካሮላይና እና ከሉዊዚያና የመንግሥት ሕንፃዎች አነሳ፤ የደቡብ ጥቁሮችም ቀስ በቀስ ከድምፅ መስጫው ተገፍተው ወጡ። የግዛቶቹ የወኪል ብዛት ግን አልተነካም።

ቲልደን በ1886 አረፈ። አብዛኛውን ሀብቱን ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተናዞ ነበር። ወራሾቹ ከሰሱ፤ የዚያ የተራቀቀ ጠበቃ ኑዛዜም በፍርድ ቤት ፈረሰ። በስምምነት የተረፈው ገንዘብ በ1895 ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምሥረታ ዋለ።