የኩፋው ጨርቅ ነጋዴ፦ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ)



ግቢ ውስጥ ስለ ወደፊት ኑሯችን ስንጨዋወት ብዙዎቻችን የራሳችንን ሥራ መክፈት እንመኛለን። ወሬያችን ታዲያ ሁልጊዜ ስለ መነሻ ካፒታል፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። ሥራው ከተከፈተ በኋላ ስለሚመጣው ፈተና ግን እምብዛም አናነሳም። የዕቃህን ጉድለት ብትናገር ገዢው ጥሎህ ይሄዳል፤ ዝም ብትል ይገዛሃል። ባለሥልጣን ፊት ቀርበህ እሺ ብትል በር ይከፈትልሃል፤ እምቢ ብትል ይዘጋብሃል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ጸንቶ የሚቆምበትን ልብ ከየት ያመጣዋል?

ለዚህ ጥያቄ የኢማም አቡ ሐኒፋ ሕይወት ጥሩ መልስ አለው። አብዛኞቻችን እርሳቸውን የምናውቃቸው በፊቅህ ነው። በአገራችንም፣ በተለይ በወሎ፣ የእርሳቸውን መዝሀብ የቀሩ ብዙ ደረሶች አሉ። ዛሬ ግን በሱቃቸው በኩል እንያቸው።

ከገበያ ወደ ዒልም

ስማቸው ኑዕማን ኢብኑ ሣቢት ነው። በ80 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ699) በኢራቅ ኩፋ ከተማ ተወለዱ። ዘራቸው ከፋርስ የሚመዘዝ ሲሆን፣ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ንግድ ነበር። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ገበያ ገቡ። የሚነግዱት ኸዝ የሚባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ውድ ጨርቅ ነበር።

ኩፋ በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የተቆረቆረች፣ ብዙ ሶሓቦች የኖሩባት፣ ዐሊይ (ረ.ዐ) መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ ናት። ገበያዋም መስጂዷም የደመቀ ነበር። ወጣቱ ኑዕማን ከገበያው እንጂ ከዑለማው ደጅ ብዙም አይታዩም ነበር። አንድ ቀን ታላቁ ዓሊም ሸዕቢ አገኟቸውና ማንን እየተመላለሱ እንደሚጠይቁ ጠየቋቸው። ኑዕማን የሚመላለሱት ወደ ገበያ እንደሆነ ሲነግሯቸው፣ ሸዕቢ የልጁን ንቃት አይተው ኖሮ ከዑለማ ጋር እንዲቀመጡ መከሯቸው። ምክሩ ልባቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ዘንድ 18 ዓመት ያህል ቀሩ። ሐማድ በ120 ሒጅሪ ሲያርፉ የሸኻቸውን ወንበር ተረከቡ። ያኔ ዕድሜያቸው 40 ነበር።

ሱቁን ግን አልዘጉትም። ሸሪክና ሠራተኛ ይዘው ንግዱን ቀጠሉ። ዒልምና ንግድ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ይህ አንድ መልስ ነው።

ሱቁ ውስጥ የሆነው

ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን የሚባል የንግድ ሸሪክ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ጨርቅ ሲልኩለት ከመካከሉ አንዱ ጉድለት እንዳለበት ነግረው፣ ሲሸጥ ጉድለቱን ለገዢው እንዲያሳውቅ አደራ አሉት። ሐፍስ ጨርቁን ሸጠው፤ ጉድለቱን መናገር ግን ረሳ። ማን እንደገዛውም አያውቅም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ አወጡት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጉድለት የነበረበት አንድ ጨርቅ ብቻ ነው። የረሳውም እርሳቸው አይደሉም፣ ሸሪካቸው ነው። የአንዱን ዋጋ ብቻ ለይተው ቢያወጡ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ገዢው እንኳ አላወቀም። ማንም የማያውቀውን ነገር አላህ እንደሚያውቀው አምነው ሙሉውን ገንዘብ ከእጃቸው አወጡ።

ሌላ ጊዜ አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጣች። የጠየቀችው 100 ነበር። ኢማሙ ልብሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። አንድ መቶ ጨመረች። አሁንም ያንሳል አሏት። እንዲህ እያለች 400 ደረሰች። አሁንም አንሷል ሲሏት የሚያሾፉባት መሰላት። ኢማሙም ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድትጠራ አደረጉ፤ ሰውየው መጥቶ ገመተው፤ በ500 ገዟት። ገበያ ላይ በርካሽ መግዛት ጉብዝና ይባላል። እርሳቸው ግን የሴትየዋን አለማወቅ ትርፍ ሊያደርጉት አልፈለጉም።

የንግዱ ትርፍስ ወዴት ይሄድ ነበር? በየዓመቱ ከሚገኘው ለዑለማና ለደረሶች ቀለብና ልብስ ይገዙበት ነበር። የተረፈውንም ገንዘብ ይሰጧቸውና፣ ሪዝቁ የአላህ ስለሆነ ምስጋናውን ለአላህ ብቻ እንዲያደርጉ ያሳስቧቸው ነበር። ከእነዚያ ደረሶች አንዱ አቡ ዩሱፍ ናቸው። የድሃ ቤት ልጅ ስለነበሩ ቤተሰባቸው ከደርስ ወጥተው ሥራ እንዲይዙ ይፈልግ ነበር። ኢማሙ በገንዘብ እየደገፉ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አደረጓቸው።

ጅራፉ

የበኒ ኡመያ መንግሥት ሊወድቅ ሲንገዳገድ የኢራቅ ገዢ ኢብኑ ሁበይራ የኩፋን ዑለማ ጠርቶ በየሥራው መደባቸው። ለአቡ ሐኒፋ የተዘጋጀው ትልቅ ቦታ ነበር፤ የገዢው ትእዛዝ በእርሳቸው ማኅተም ካልታተመ እንዳይወጣ ተባለ። ሌሎቹ ተቀበሉ። ጓደኞቻቸው መጥተው ራሳቸውን ለአደጋ እንዳያጋልጡ ለመኗቸው። ኢማሙ ግን ያ ማኅተም ምን ላይ እንደሚያርፍ ገብቷቸዋል። ገዢው ያለ ሐቅ የአንድን ሰው አንገት ለማስቀላት ቢፈልግ ወረቀቱ ላይ የሚያትሙት እርሳቸው ናቸው። እምቢ አሉ።

ታሰሩ፤ በየቀኑ ጅራፍ ይገረፉ ጀመር። በዚያ ሰዓት ከጅራፉ ይልቅ ያስጨነቃቸው የእናታቸው ሐዘን እንደነበር ይተላለፋል። በመጨረሻ ከእስር ወጡና በ130 ሒጅሪ ወደ መካ ሄዱ። የበኒ ዐባስ መንግሥት እስኪቆም ድረስም በዚያ ቆዩ።

አንዳንድ ሰው ባለሀብት ስለነበሩ እምቢ ማለት አልከበዳቸውም ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ እንጀራቸው ከገዢው እጅ ስላልነበረ ደመወዝ ተቆርጦ የሚያንበረክካቸው አልነበረም። የራስን ሥራ መያዝ ትልቅ ኒዕማ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ግን ዙሪያችንን ብናይ ሀብት ሰውን ይበልጥ ፈሪ ሲያደርገው እናገኛለን። ብዙ ያለው ሰው የሚያጣውም ብዙ ነው። ኢማሙን የለያቸው ገንዘብን ከእጃቸው መልቀቅ የለመዱ መሆናቸው ነው። ለአንድ ጨርቅ ጉድለት የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ የሰጠ ሰው፣ ሱቄን ይዘጉብኛል ብሎ ማኅተም አይጨብጥም።

ባግዳድ

ገዢዎቹ ተለወጡ፤ ጥያቄው ግን ተመልሶ መጣ። የዐባሳዮቹ ኸሊፋ መንሱር በ145 ሒጅሪ ባግዳድን መገንባት ጀመረ፤ አቡ ሐኒፋንም ቃዲ ሊያደርጋቸው ፈለገ። ኢማሙ ለቦታው እንደማይበቁ ነገሩት። መንሱር ዋሸህ አላቸው። ኢማሙም ረጋ ብለው፣ የተናገሩት እውነት ከሆነ እንደማይበቁ ራሳቸው መስክረዋል፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ውሸታም ሰው ቃዲ ሊሆን እንደማይገባ አስረዱት። ኸሊፋው እንደሚሾማቸው ማለ፤ እርሳቸውም እንደማይቀበሉ ማሉ። አጠገቡ የነበረው ባለሟል በኸሊፋው መሐላ ላይ እንዴት እንደሚምሉ ሲጠይቃቸው፣ የመሐላውን ከፋራ ለመክፈል ኸሊፋው ከእርሳቸው የተሻለ አቅም እንዳለው መለሱለት።

የታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ ካስተላለፋቸው ዘገባዎች አንዱ ደግሞ ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ደስ የሚል ነው። መንሱር መሐላው እንዳይፈርስ ብሎ በከተማዋ ግንባታ ላይ የጡብ ቆጠራ ሰጣቸው ይባላል። ኢማሙ ጡቡን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ክምሩን በሸምበቆ ለክተው ብዛቱን ያሰሉት ነበር። ጡብ መቁጠር አላሳፈራቸውም፤ ሕሊናቸውን የሚያስሸጥ ሹመት ግን አልተቀበሉም።

መጨረሻቸው እስር ሆነ። በ150 ሒጅሪ (እ.ኤ.አ. በ767) በ70 ዓመታቸው ባግዳድ ውስጥ አረፉ። ከፊሎቹ ጸሐፊዎች እስር ቤት ውስጥ፣ ከፊሎቹ ተመርዘው እንደሞቱ ይጽፋሉ። ጀናዛቸው ላይ የወጣው ሕዝብ ብዙ ስለነበር ሶላቱ ተደጋግሞ ተሰገደ። የተቀበሩት በኸይዙራን መቃብር ነው። ያን ቦታ የመረጡት ሌላው መሬት ከባለቤቱ በግፍ የተወሰደ ነው ብለው ስለሰጉ እንደሆነ ይተላለፋል። ለገዢ ዕቃ ሐቅ ሲጠነቀቅ የኖረ ነጋዴ ለመቃብሩም መሬት ተጠነቀቀ። ሰፈሩ ዛሬም በማዕረጋቸው አዕዞሚያ ይባላል።

ለእኛስ?

አንድ ነገር እንዳይምታታብን። ኢማሙ ሹመት ሁሉ ሐራም ነው አላሉም። ያ በገንዘባቸው የተማረው የድሃ ልጅ፣ አቡ ዩሱፍ፣ ከእርሳቸው በኋላ በሃሩን አረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆነዋል፤ መዝሀቡም በእርሳቸው በኩል ብዙ ተስፋፍቷል። ኢማሙ እምቢ ያሉት በነፃነት መፍረድ እንደማይችሉ ያመኑበትን ወንበር ነው።

የሲቪል ተማሪዎች እንደምታውቁት ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ሙሉ ጭነት አይጫንበትም። ውሃ እየጠጣ ይቆያል፤ ጥንካሬውም በ28ኛው ቀን ይለካል። የልብ ጽናትም እንዲሁ ነው። ኢብኑ ሁበይራ ፊት የታየው ጽናት የጠነከረው ማንም ባላየው ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ ጨርቅ ጉድለትና በአንዲት ሴት ልብስ ዋጋ ነው። እኛም ተመርቀን ድርጅት ስንከፍት ሐቀኛ እንሆናለን ብለን ቀጠሮ መያዝ አያዋጣንም። ዶርም ውስጥ ያገለገለ ስልክ ስንሸጥ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ እንናገር። የላብ ሪፖርት ላይ ያልለካነውን ቁጥር አንጻፍ። በጋራ የያዝነውን የጀመዓ ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ እናስረክብ። ኪሳራው ዛሬ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሳለ ካልለመድነው ትልቁ ቀን ሲመጣ አንችለውም።

አላህ (ሱ.ወ) ለኢማማችን ይዘንላቸው። ለእኛም ሐላል ሪዝቅና በሐቅ ላይ የሚጸና ልብ ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።