ቅዱስ ያሬድና በዙሪያ የሚሰማው ዜማ

ቅዱስ ያሬድን በስሙ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። የትሉን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ በአዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ ስለ ዜማው ሲነገረን ብዙ ጊዜ የሚነገረን ጣዕሙና ምሥጢሩ ነው፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚሰማ ግን የሚያነሣ የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት እየተረክሁ ይህን የተዘነጋ ነገር ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ከሚሠራው የድምፅ ጥበብ ጋራ የሚገናኝ፥ ከእኛም ከተማሪዎቹ አንድ ሥራ የሚጠይቅ ነው።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን የመጻሕፍት መምህር ነበሩና ልጁን ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ አስቀምጠው ያስተምሩት ጀመር። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባ አለው። ጓደኞቹ ዳዊት ሲደግሙ እርሱ የትናንቱን ፊደል ይረሳ ነበር። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ መምህሩም በበትር ቀጡት። በመጨረሻም ምሬቱ ቢበዛበት ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ።

በመንገድም ሳለ ሲደክመው ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም በራሱ አፍሮ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉይንና ሐዲስን ጠነቀቀ፤ ዲቁናም ተቀበለ፤ በአጎቱም ወንበር ላይ ተቀምጦ አስተማሪ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሕይወቱ ክፍል ለርእሳችን ዋነኛው ነው። በያሬድ ዘመን ጸሎቱ የሚደርሰው በንባብ፥ በዝቅተኛ ድምፅ እንደ ነበረ ይተረካል። ሦስት አዕዋፍ ከገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተመስጦ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። እነዚህ ካህናት በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው መንበሩን ከበው የሚቀመጡ ናቸው። እንግዲህ አንባቢው ልብ ይበል፤ ትውፊቱ ያሬድን ዜማ ተማረ የሚለን ከፊት ለፊቱ ከቆመ አንድ አስተማሪ አይደለም፤ በክብ ከተቀመጡ መዘምራን ነው። ትውፊቱን እንደ እምነት የሚቀበል ይቀበለዋል፤ እንደ ታሪክ ብቻ የሚያነብም ቢሆን አባቶቻችን ፍጹም የሆነ ዜማ ሲያስቡ በዙሪያ የሚሰማ ዜማ ያስቡ እንደ ነበረ ከዚህ ይረዳል።

ያሬድ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ ባዜመ ጊዜ ካህናቱም ሕዝቡም ሊሰሙት ተሰበሰቡ። ዜማውንም በሦስት ስልት ሠራው፤ ግዕዝ ጠንከር ያለው፥ ዕዝል ለስለስ ያለው፥ አራራይ ልብን የሚያራራው ነው። ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍትም ለእርሱ ይሰጣሉ፤ ምንም እንኳ በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት እየጨመሩ ያሰፏቸው ቢሆኑም መሠረቱ የያሬድ ነው ይባላል።

በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት የሆነውም የታወቀ ነው። ንጉሡ ዜማውን ሲሰማ ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ነገር ግን ዜማው እስኪያልቅ ድረስ የተወጋውም የወጋውም አላወቁም። ንጉሡ በደነገጠ ጊዜ ስለ ደሙ ካሣ የፈለገውን እንዲለምን ማለለት። ያሬድም ወርቅና ሹመት አልጠየቀም፤ ዓለምን ትቶ እንዲሄድ ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ ቢያዝንም መሐላው ያዘውና አሰናበተው።

ያሬድ አክሱምን ትቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች፥ ወደ ጸለምት መጣ። በዚያም በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምር ኖረ፤ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ተሰወረ ይባላል። ያን አገር ያየ ሰው ያውቀዋል። ከሰሜን ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ወዲያው አይጠፋበትም፤ ፊት ለፊት ያለው ገደል ይመልስለታል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ በ170 ሜትር ርቀት ያለ ገደል ከአንድ ሴኮንድ በኋላ፥ የራቀውም ገደል ይበልጥ ዘግይቶ ይመልሳል። በሰሜን ያደገ እረኛ ከብቱ በየት በኩል እንዳለ ሳያይ በጆሮው የሚለየው እንዲህ ባለ አገር ነው።

ሊቁ ቢሰወርም ሥራው በሰሜንና በበጌምድር አልቀረም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540-1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማ ምልክቶችን ሠሩ፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ከእነዚሁ ናቸው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማ ካደረጉ በኋላ ሊቃውንቱ በአድባራቱ ተሰበሰቡ። ዛሬም ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን ለማስመስከር ወደ ዙር አባ፥ አቋቋምን ለማስመስከር ወደ ጎንደር በዓታ ይኬዳል።

የአቋቋም ትምህርት ስሙ እንደሚያመለክተው የአቋቋም ነው። ዜማው ምን እንደሚባል ብቻ ሳይሆን ማን በየት ቆሞ እንደሚለው ይማሩበታል። በማኅሌት ሌሊት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንደኛው ወገን በቀኝ ጌታ፥ ሌላው በግራ ጌታ ይመራል። የቀኙ ሲያነሣ የግራው ይቀበላል። ጸናጽሉ ከሁለቱም ወገን ይንሿሿል፤ መቋሚያው ከፍና ዝቅ ይላል፤ በወረብ ጊዜ ከበሮ መቺዎቹ ከመካከል እየወጡ ይመለሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑም ክብ በሆነበት ቦታ ድምፁ በግድግዳው እየዞረ ይመለሳል። በመካከል የቆመ ሰው ዜማውን የሚሰማው ከፊቱ ብቻ አይደለም፤ ከቀኝ፥ ከግራ፥ ከኋላና ከላይ ይመጣበታል።

እኔ ባንድ የክብረ በዓል ሌሊት ይህን ማኅሌት በስልክ ቀርጬ ነበር። በማግሥቱ ለጓደኞቼ ሳሰማቸው የቀኙና የግራው ወገን ተደባልቀው አንድ ጭፍራ መሰሉ፤ በአጠገቤ የነበረው ከበሮ ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። ከጓደኞቼ አንዱ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ባንድ ላይ ይጮኻል ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የመዘምራኑ ሳይሆን የመቅረጫው ነበር። አነሣሥና አቀባበሉን የሚለየው አቅጣጫ ነው፤ ስልኬ ግን አቅጣጫውን አልያዘልኝም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ጥበብ በሌላው ዓለም ከተገኘ ቆይቷል። አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 እ.ኤ.አ. ባመለከተው ፓተንት ድምፅን በግራና በቀኝ የሚከፍለውን ስቴሪዮ አስመዘገበ። በ1970ዎቹም የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሊቅ ማይክል ገርዞን ከሌሎች ጋራ ሆኖ አምቢሶኒክስ የተባለውን ዘዴ ሠራ። ስቴሪዮ የፊቱን ብቻ ሲይዝ አምቢሶኒክስ ዙሪያውን ሁሉ፥ ላይና ታቹን ጨምሮ ይይዛል።

አሠራሩ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አይርቅም። ማይክሮፎኑ አራት ትንንሽ መቀበያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ወደ ልዩ አቅጣጫ ይመለከታል፤ ሁለቱ ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው። አራቱን ብንደምራቸው ከየትም የመጣውን ድምፅ እኩል የያዘ አንድ መስመር እናገኛለን፤ ይህም ደብልዩ ይባላል። ከፊቶቹ ላይ የኋላዎቹን ብንቀንስ የፊትና ኋላ ልዩነት ይወጣል፤ እርሱም ኤክስ ነው። እንደዚሁ የግራና ቀኙ ዋይ፥ የላይና ታቹ ዜድ ይባላሉ። እነዚህ አራት መስመሮች የአንድን ቦታ ድምፅ ከነአቅጣጫው ይዘዋል። አቅጣጫው ይበልጥ እንዲጠራ ከተፈለገ መስመሮቹ ወደ 9 ወይም ወደ 16 ከፍ ይደረጋሉ።

የቀረው ሥራ በኮምፒዩተር ይከናወናል። ሪፐርን የመሰለ የድምፅ ፕሮግራምና በኦስትሪያ ከተማ በግራትስ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተቋም በነጻ የሚሰጣቸው ተጨማሪ መሣሪያዎች ይበቃሉ። ልዩ ማይክሮፎን የሌለው ሰውም ቢሆን የቀኝ ጌታን፥ የግራ ጌታንና የከበሮውን ድምፅ ለየብቻ ቀርጾ፥ በፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የሚገባውን አቅጣጫ ሊሰጠው ይችላል። በመጨረሻም አራቱ መስመሮች እንደ ድምፅ ማጉያዎቹ ብዛትና አቀማመጥ ይፈታሉ፤ ወይም ለጆሮ ማዳመጫ ይዘጋጃሉ። ጆሮዎቻችን አቅጣጫን የሚለዩት ድምፁ ለአንዱ ከሌላው ቀድሞ፥ ከሴኮንድ ሺህኛ እጅ ባነሰ ልዩነት ስለሚደርስ፥ ደግሞም ጭንቅላታችንና የጆሮአችን ቅርጽ ስለሚለውጡት ነው፤ ፕሮግራሙም ይህንኑ ያስመስላል። ጀማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። የመስመሮቹ ቅደም ተከተል በቀድሞው ልማድ ደብልዩ፥ ኤክስ፥ ዋይ፥ ዜድ ሲሆን፥ አምቢኤክስ በተባለው በአዲሱ ልማድ ደብልዩ፥ ዋይ፥ ዜድ፥ ኤክስ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የጎን መዘምራኑን ሳያስበው ወደ ጣራ ይሰቅላቸዋል።

ይህን ሁሉ መናገሬ ኮምፒዩተር መሪጌታን ይተካል ለማለት አይደለም። አቋቋም በብዙ ዓመት ትምህርት፥ በመምህር እግር ሥር የሚገኝ ነው። ነገር ግን ጎንደር ንብረቷ እንዴት እንደሚጠፋ የምታውቅ ከተማ ናት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠሉ ጊዜ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ዐመድ ሆነዋል፤ ዜማውን ያተረፉት በቃላቸው የያዙት ሊቃውንት ናቸው። አንድ አረጋዊ ሊቅ ሲያልፍ አብሮት የሚያልፈውን ማንም አይመልሰውም። ጌራና ራጉኤል በዘመናቸው የድምፁን ውጣ ውረድ በምልክት ጻፉልን። ድምፁ ከየት እንደሚነሣና ማን እንደሚቀበለው የሚያሳይ መዝገብ ማዘጋጀት ግን የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክም ሆነ የሒሳብ፥ የሙዚቃም ሆነ የታሪክ ተማሪ የሆንህ ጓደኛዬ፥ የአንቺም እንደዚሁ፥ አስቀድመን የየደብሩን አለቆችና ሊቃውንት ፈቃድ እንጠይቅ፤ የት መቆም እንደሚገባን እነርሱው ያሳዩናል። ማይክሮፎኑን በሁለቱ ረድፎች መካከል፥ ከከበሮው ራቅ አድርገን እናቁም። የተቀረጸውንም አንድ ቅጂ ለደብሩ እንስጥ። ሥራው በመጀመሪያው ጊዜ ላይሳካ ይችላል፤ ያሬድንም ያስተማረው ትል ስድስት ጊዜ ወድቋል።