የናበጋው አለቃ ገብረ ሐና

አንባቢ ሆይ፤ የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ስትሰማ አስቀድሞ ሳቅ ይመጣብህ ይሆናል። ሌላው የቀለደው ሁሉ በእርሳቸው ስም ስለሚነገር፥ የደከሙበት ሥራ ከቀልዱ በታች ተሸሽጎ ቀረ።

እኒህ ሊቅ በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አገሩ ከጣና ዳር ነውና ክረምት በሆነ ጊዜ ውኃው ወደ ሜዳው ይወጣል። ቅኔን በጎጃም፥ ሌላውን ትምህርት በጎንደር ተምረው፥ በዚያው በጎንደር በበአታ መምህር ሆኑ። የባሕሩ ማዕበልና ሸንበቆው በነፋስ ወዲያና ወዲህ ማለቱ በልባቸው አድሮ፥ ለማኅሌት አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል።

የጎንደር ሊቃውንት ግን ከአባቶች ያልተቀበልነው ነው ብለው እንቢ አሉ። አስብ እንግዲህ፤ አንደበታቸው እንደ ምላጭ የሰላ፥ መኳንንትን እንኳ በቃል የሚረቱ ሰው፥ በገዛ ጓደኞቻቸው ፊት ሥራቸው ተናቀ። ይህ ለሊቅ ቀላል ኀዘን አይደለም። እርሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጁ በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግቶ ደቀ መዛሙርት አፈራ፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደ ብዙ አድባራት ደረሰ።

ዛሬ በበዓል ቀን መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ ብታይ፥ ስልቱን የተክሌ አቋቋም ይሉታል፤ የሚጠሩት በልጁ ስም ነው።