የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክና የሳንባ ነቀርሳ

የልዑል ዓለማየሁን ስም ያልሰማ ተማሪ የለም ብለን እናምናለን። ነገር ግን ታሪካቸው የጦርነትና የምርኮ ብቻ ሳይሆን የሕመምም ታሪክ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ መጽሔት ልናስታውሰው ወደድን።

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በ1853 ዓ. ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ደብረ ታቦርም እንደ አርብ ገበያችን ሁሉ በደቡብ ጎንደር የምትገኝ ከተማ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. አባታቸው በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ፥ የእንግሊዝ ጦር ልዑሉንና እናታቸውን ይዞ ወደ ባሕር ተጓዘ። እቴጌይቱ ግን በሳንባ ሕመም ይሠቃዩ ነበርና በግንቦት ወር በመንገድ ላይ፥ በትግራይ ምድር ዐረፉ።

የሰባት ዓመቱ ልዑል እንግሊዝ አገር ገብተው በካፒቴን ስፒዲ አሳዳጊነት ቆዩ። ኋላም በቸልትናምና በራግቢ ተምረው ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገቡ። ነገር ግን በሊድስ ከተማ ሳሉ የሳንባን ሽፋን የሚያሳብጥ ፕሉሪሲ የሚባል በሽታ ይዟቸው፥ በኅዳር 1872 ዓ. ም. በ18 ዓመታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም በዊንዘር ነው። እኛም ይህን የምንጽፈው በዚያው ዕድሜ ላይ ሆነን ነው።

ፕሉሪሲን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስለዚህ የዛሬ ሐኪም እንዲህ ያለ ወጣት ቢመጣለት፥ እናቱም በሳንባ ሕመም መሞቷን ቢሰማ፥ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን ሳይመረምር አያልፍም። በዚያን ጊዜ ግን ይህ አይቻልም ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው ልዑሉ ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1874 ዓ. ም. ነው። የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘውም በ1936 ዓ. ም. ነው።

ዛሬ ነቀርሳ የያዘው ልጅ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለስድስት ወር ከወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። በሽታው ላልጠናበት ልጅም አራት ወር እንደሚበቃው የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ. ም. አስታውቋል። ትልቁ ችግር በሽታው ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ትንሽ ልጅ አክታ ማውጣት አይችልምና፥ ምልክቱ መክሳትና ጨዋታ መተው ብቻ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የያዘው ሰው ቢኖር ፈጥኖ ይመርመር። ነቀርሳ ሆኖ ከተገኘም ልጆቹ ሁሉ ይታዩ፤ ላልታመሙትም መከላከያ መድኃኒት አለ። የታመመው ልጅ በጥቂት ሳምንት ቢሻለውም መድኃኒቱን አታስቋርጡት፤ ያቋረጠ እንደ ሆነ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳልና። ለንጉሥ ልጅ ያልተገኘው ፈውስ ዛሬ ለገበሬ ልጅ ተገኝቷል፤ በቸልታ እንዳናጣው እንጠንቀቅ።