ኤስተር ሌደርበርግ፦ የኤፍ ፋክተር ግኝትና የዕውቅና ጥያቄ

ባክቴሪያ ዘረመሉን የሚያስተላልፈው ሲከፈል ለሚተኩት ሕዋሳት ብቻ አይደለም፤ በኮንጁጌሽን አማካይነት ከጎኑ ላለ ሌላ ሕዋስም ያስተላልፋል። ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም እ.ኤ.አ. በ1946 በኢኮላይ ባክቴሪያ የዘረመል ውህደት መኖሩን ቢያረጋግጡም፣ ዝውውሩን የሚመራው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ጥያቄው መልስ እንዲያገኝ ጉልህ ድርሻ ካበረከቱት አንዷ አሜሪካዊቷ ማይክሮባዮሎጂስት ዶ/ር ኤስተር ሌደርበርግ ናቸው።

ኤስተር በ1922 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ተወለዱ። በሃንተር ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በ1946 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመትም ከጆሹዋ ጋር ተጋቡ። በ1950 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በኢኮላይ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውን ላምዳ የተባለ ቫይረስ ያገኙትም በዚህ ወቅት ነው።

አንዳንድ የኢኮላይ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ውህደት አለማሳየታቸው በዘመኑ እንቆቅልሽ ነበር። ኤስተር፣ ጆሹዋና ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ካቫሊ-ስፎርዛ በ1952 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን አብራሩ፤ ይኸውም ኤፍ ያሉት ፋክተር ቢያንስ በአንዱ ዝርያ መገኘት አለበት። ኤፍ ካለው ጋር የተቀላቀለ ኤፍ አልባ ሕዋስ፣ የክሮሞዞም ዘረመሎች ከሚተላለፉበት ድግግሞሽ እጅግ በላቀ መጠን ኤፍን ተቀብሎ ራሱም ኤፍን የሚያስተላልፍ ይሆናል። በመሆኑም ኤፍ ከክሮሞዞሙ ተነጥሎ መጓዝ እንደሚችል ታወቀ። ለንደን ውስጥ ይመራመሩ የነበሩት ዊሊያም ሄይስም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ የባክቴሪያ ቅኝ ግዛቶችን በቬልቬት ጨርቅ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላው የመገልበጥ ዘዴን አሳተሙ። በዚህም መድኃኒትን የሚቋቋሙ ሕዋሳት ለመድኃኒቱ ከመጋለጣቸው አስቀድሞ እንደነበሩ አሳዩ።

በ1958 ጆሹዋ፣ ከቴተምና ከጆርጅ ቢድል ጋር የኖቤል ሽልማትን ሲጋሩ የኤስተር ስም አልተካተተም። ባለቤታቸው በስታንፎርድ የትምህርት ክፍል ሲመሩ፣ እርሳቸው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ቢሠሩም ቋሚ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አላገኙም። በ1966 ትዳሩ ፈረሰ።

ኤስተር ግን ከምርምሩ አልራቁም። ከ1976 እስከ 1986 በስታንፎርድ የፕላዝሚድ ማዕከልን በመምራት በየሀገሩ የሚገኙ ፕላዝሚዶች በወጥ ስያሜ እንዲመዘገቡ አድርገዋል። በ2006 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ኤፍ ራሱ ፕላዝሚድ ነው፤ ዛሬ የመድኃኒት መላመድን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ከሚያሻግሩት መንገዶች ዋነኛውም የፕላዝሚድ ኮንጁጌሽን ነው። ይህን ዝውውር የሚከታተል ተመራማሪ ሁሉ በኤስተር ሥራ ላይ ይቆማል። የጋራ ምርምር ታሪክም ሽልማቱን በተቀበለው ሰው ብቻ ሊጻፍ አይገባውም።