የሰው ዋጋ በፓውንድ፦ የሰር ዊልያም ፔቲ ሕይወትና ሥራ

የጤና ምጣኔ ሀብት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ ሳይሆን፣ በምጣኔ ሀብት ወይም በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ውስጥ እንደ አንድ ኮርስ ነው። ተማሪው ገና በጅምሩ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ቀላል መስሎ የሚከብድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከሞት ቢተርፍ ጥቅሙ በገንዘብ ምን ያህል ነው የሚል ነው። ጥያቄው ለእኛ ለመሐንዲሶችም እንግዳ አይደለም። የመጠጥ ውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ወይም አደጋ የሚበዛበት መንገድ ማሻሻያ የአዋጪነት ጥናት ስናዘጋጅ፣ ከወጪው ትይዩ ከሚጻፉት ጥቅሞች አንዱ የሚተርፈው የሰው ሕይወት ነው።

ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ካሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል አንዱ፣ ሐኪምም ቀያሽም መርከብ ሠሪም የነበረው እንግሊዛዊው ሰር ዊልያም ፔቲ ነው። ካርል ማርክስ የፖለቲካ ኢኮኖሚ አባት አድርጎ የቈጠረው ይህ ሰው፣ ለዛሬው የጤና ምጣኔ ሀብት ተማሪ ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ከስሌቱ በስተጀርባ ያለውን ከባድ ጥያቄም አውርሶታል። የሕይወቱን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመውም ስለዚሁ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፔቲ በ1623 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሻየር አውራጃ፣ ሮምዚ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በጨርቅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ብላቴናው ከእኩዮቹ ጋር ከመጫወት ይልቅ የአንጥረኛውን፣ የአናጢውንና የሰዓት ሠሪውን እጅ ቆሞ መመልከት ይወድ ነበር ይባላል። በዐሥራ አራት ዓመቱ ግድም በአንድ መርከብ ላይ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ እግሩ ተሰበረ፤ ባልደረቦቹም በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ጠረፍ ላይ አውርደውት ሄዱ። ልጁ ግን በሰው አገር ወድቆ አልቀረም። በካን ከተማ ወዳለው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት በላቲን ቋንቋ አመልክቶ ገባ፤ ቋንቋ እያስተማረና ጥቃቅን ሸቀጥ እየነገደም ራሱን አስተዳደረ።

በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት በ1643 ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በላይደን ሕክምና ተማረ። ከዚያም በፓሪስ ከፈላስፋው ከቶማስ ሆብስ ጋር ተወዳጅቶ፣ ሁለቱ በአንድነት የቬሳሊየስን የአናቶሚ መጽሐፍ አጠኑ። ወደ አገሩ ተመልሶም በኦክስፎርድ የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1650 በታኅሣሥ ወር የተፈጸመው ነገር ነው። አን ግሪን የተባለች አገልጋይ ሴት፣ የወለደችውን ሕፃን ገድላለች ተብላ በስቅላት እንድትቀጣ ተፈረደባት። ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ አስከሬኗ ለተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ለሐኪሞቹ ተሰጠ። የሬሳ ሣጥኑ ሲከፈት ግን ሴቲቱ ትተነፍስ ነበር። ፔቲና ባልደረባው ቶማስ ዊሊስ የመማሪያውን ነገር ትተው፣ ሰውነቷን እያሞቁና በጊዜው የሚታወቀውን መድኃኒት ሁሉ እየሰጡ ነፍሷን መለሱላት። ምሕረት ተደርጎላትም ባል አግብታ ልጆች ለመውለድ በቃች። በዚያች ቀን ፔቲ ከፊቱ የተኛችው ሴት ለመንግሥት ምን ያህል ገንዘብ ታስገባለች ብሎ አላሰላም። እንደ ሐኪም አየ፤ እንደ ሐኪምም ሠራ።

በ1652 የክሮምዌል ጦር ዋና ሐኪም ሆኖ ወደ አየርላንድ ሄደ። በዚያም የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ ሥራ አገኘ። መንግሥት ከአየርላንዳውያን ካቶሊኮች የወረሰውን መሬት ደመወዛቸው ላልተከፈለ ወታደሮችና ለጦርነቱ ገንዘብ ላበደሩ ሰዎች ለማከፋፈል ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱ አልተቀየሰም። ፔቲ በ1654 መጨረሻ ውል ተዋውሎ፣ ዓመታት ይፈጃል የተባለውን ቅየሳ በዐሥራ ሦስት ወር አጠናቀቀ።

አሠራሩ ለሙያችን ሰዎች ሊነገር የሚገባው ነው። በጊዜው አንድ ቀያሽ መሣሪያውን ራሱ አሰናድቶ፣ መሬቱን ራሱ ለክቶ፣ ካርታውንም ራሱ ይነድፍ ነበር። ፔቲ ይህን ሥራ ከፋፈለው። የመለኪያ ሰንሰለቱን ሽቦ የሚያውቅ ሠራተኛ፣ የኮምፓሱን መርፌ ሰዓት ሠሪ፣ ሣጥኑን የእንጨት ሥራ ባለሙያ እንዲሠራው አደረገ። ለመስክ ሥራው ብርድና ረኃብ የለመዱ እግረኛ ወታደሮችን መርጦ አሠለጠነ። በመስክ የተመዘገበውን ወደ ካርታ የሚያዛውሩ፣ ስፋቱን የሚያሰሉና ስሕተት የሚያርሙ ሌሎች ነበሩ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው በዚህ ሥራ ተሰማርቷል። ቅየሳውም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በመሬት ክርክር ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ካርታው የተነደፈው ባለርስቱን ከርስቱ ለመንቀል ነበር። ፔቲ ራሱም ከክፍፍሉ በኬሪ አውራጃ ሰፊ መሬት አግኝቶ ባለጸጋ ሆነ፤ በጉቦ ተከሰሰ፤ ዕድሜውንም በፍርድ ቤት ሙግት ገፋ። በዚህ ጠብ የተነሣ አንድ የክሮምዌል ወታደር ለፍልሚያ ቢጠራው፣ ዓይኑ አጥርቶ የማያይ ስለ ነበረ ቦታው ጨለማ ምድር ቤት፣ መሣሪያውም የአናጢ መጥረቢያ እንዲሆን መርጦ ነገሩን በሳቅ አስቀረው ይባላል።

ዘውዱ ከተመለሰ በኋላም ፔቲ አልተጐዳም። በ1660 ሮያል ሶሳይቲ የተባለውን የሳይንስ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1661 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን ያላት መርከብ ነድፎ አሠራ። ከመርከቦቹ አንዷ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በተገኙበት በ1664 ባሕር ላይ ብትወርድም በማግሥቱ ዓመት በማዕበል ሰጠመች።

በዚሁ ጊዜ ወዳጁ ጆን ግራንት የለንደንን ሳምንታዊ የሟቾች መዝገብ መርምሮ በ1662 መጽሐፍ አሳተመ። ሞት በቍጥር የሚጠና ሥርዓት እንዳለው ታየ። ፔቲ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። በ1665 በጻፈው አነስተኛ ጽሑፍ የእንግሊዝን ሕዝብ 6 ሚሊዮን፣ የዓመት ወጪውን 40 ሚሊዮን ፓውንድ አድርጎ ገመተ። ከመሬት፣ ከቤት፣ ከመርከብና ከመሰለው ንብረት የሚገኘው 15 ሚሊዮን ስለ ሆነ፣ የቀረው 25 ሚሊዮን የሰው ድካም ውጤት መሆን አለበት አለ። 15 ሚሊዮን የሚያስገባው ንብረት 250 ሚሊዮን ፓውንድ ካወጣ፣ በዚያው መጣኔ 25 ሚሊዮን የሚያስገባው ሕዝብ 417 ሚሊዮን ያህል ያወጣል። ይህ ለ6 ሚሊዮን ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 69 ፓውንድ ይደርሳል። የዛሬው ተማሪ የሰው ካፒታል ዘዴ ብሎ የሚማረው ሐሳብ ጥንታዊ መልኩ ይህ ነው።

በዚያው በ1665 ታላቁ ወረርሽኝ ለንደንን መታ፤ መዝገቡ 68,596 ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደ ሞቱ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፔቲ አንድ አጭር ሰነድ ጻፈ። በሽታው የገባባቸውን ቤተሰቦች ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ ገጠር ማጓጓዝና ለሦስት ወር ማሳደር ቢቻል፣ ጠቅላላ ወጪው 50,000 ፓውንድ እንደሚሆን ገመተ። የሚመጣው ወረርሽኝ 120,000 ሰው ቢጨርስና እያንዳንዱ 70 ፓውንድ ቢገመት ጥፋቱ 8,400,000 ፓውንድ ነው። የዚህን ግማሽ ማዳን ቢቻል 4,200,000 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ፓውንድ ወጪ 84 ፓውንድ ይገኛል ማለት ነው። ይህች ጥቂት መስመር ያላት ወረቀት ዛሬ የአዋጪነት ጥናት የምንለውን ሁሉ ባጭሩ ይዛለች፤ ወጪ፣ የሚጠበቅ ጥፋት፣ የመከላከያው ውጤትና የሁለቱ ንጽጽር። በሌላ ጊዜም በሐኪም የታከሙ ሕሙማን ሐኪም ከሌለበት አገር ሰዎች ያነሰ ይሞቱ እንደ ሆነ በቍጥር መመርመር ይገባል ብሎ አሳስቧል። ለሐኪም ይህን መጠየቅ ድፍረት ነበር።

ነገር ግን የዚህን ሰው ሁለተኛ ወረቀት ሳያዩ ማለፍ አይገባም። በ1672 ስለ አየርላንድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከ1641 እስከ 1652 በሰይፍ፣ በቸነፈር፣ በረኃብና በስደት ያለቁት አየርላንዳውያን 504,000 እንደሚሆኑ ገመተ። ቀጥሎም በጦርነቱ የጠፋውን ሰው ሲተምን፣ ለእንግሊዛዊው የተባለውን 70 ፓውንድ ትቶ በባሪያ ገበያ የሚሰጠውን ዋጋ ተጠቀመ፤ ለወንድ 25፣ ለሕፃን 5፣ በአማካይ 15 ፓውንድ። በመጨረሻ ዘመኑ ደግሞ፣ በ1687፣ አንድ ሚሊዮን ያህል አየርላንዳውያን ወደ እንግሊዝ ተዛውረው አገራቸው የከብት ግጦሽ ብትሆን ትርፉ እንደሚበልጥ በቍጥር ለማስረዳት ሞከረ። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ማባዛቱ አንድ ነው። የተለየው የተባዛው ዋጋ ነው፤ ዋጋውንም የወሰነው የሒሳብ ሕግ ሳይሆን የአሸናፊው ወገን ሥልጣን ነው። ባንድ ወቅት የሞተች የተባለችን አገልጋይ ነፍስ የመለሰ ሐኪም፣ ሌላውን ሕዝብ ርስቱን በሚቀይስበት ዓይን ቈጠረው።

ፔቲ በታኅሣሥ 1687 በለንደን እግሩ በስብሶ ሞተ፤ በትውልድ ከተማው በሮምዚም ተቀበረ። ሐሳቡ ግን ቀጠለ። በ1853 ዊልያም ፋር የሰውን ዋጋ በዕድሜ ለያይቶ፣ የገበሬ ሠራተኛ ሲወለድ 5፣ በ25 ዓመቱ 246፣ በ70 ዓመቱ 1 ፓውንድ እንደሚያወጣ አሰላ፤ ከዚያ በላይ ላለው ሽማግሌ ዋጋው ከዜሮ በታች ወረደ። በ1993 የዓለም ባንክ ባወጣው ዘገባ ገንዘቡ ቀርቶ በበሽታና በሞት የሚታጣው የዕድሜ ዓመት መለኪያ ሆነ። ይሁንና በዚያ መለኪያ የወጣት ጎልማሳው ዓመት ከሕፃኑና ከአረጋዊው ዓመት የበለጠ ክብደት ተሰጥቶት ነበር። ይህ ልዩነት የቀረው በ2012 በታተመው ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ነው። ከፔቲ እስከ ፋር፣ ከፋር እስከ ዛሬ፣ ክርክሩ ስለ ስሌቱ ሳይሆን ስለ መነሻው ዋጋ ነው።

ስለ ሆነም የጤና ምጣኔ ሀብትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ወጣት የፔቲ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢሰጡት መልካም ነው። የለንደኑ ወረቀት፣ ሕይወትን በገንዘብ መተመን ጭካኔ ነው ብሎ ስሌቱን የሚንቀውን ያስተምረዋል፤ ያ ቍጥር ባይኖር ኖሮ 50,000 ፓውንዱ ለመከላከያ የሚወጣበት ምክንያት በገንዘብ ያዡ ፊት አይታይም ነበርና። የአየርላንዱ ወረቀት ደግሞ ቍጥር ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምነውን ያስጠነቅቀዋል። ይህ ምክር ለእኛም ነው። በጥናታችን ሠንጠረዥ ውስጥ የሚተርፈው ሰው ዋጋ የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ወሰነው፣ የሚመለከተው ሕዝብ ተጠይቆ እንደ ሆነ መመርመር የሙያ ግዴታችን ነው።